ኩላሊቷ የተቆጣባት ዳኛ

በእግር ኳስ ሜዳው አካባቢ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሁሉም የሚያውቃት «ይግባኝ የለም» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ስሙ የወጣላት ከአንድ ግዙፍ ተከላካይ ጋር በተጋጠመች ቀን ነው። ቀይ ካርድ ስታሳየው ደረቱን ነፍቶ መጣና ከፊቷ ተገተረ። ቁመቷ ከደረቱ አያልፍም፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። «ጨርሰሃል? በል በዚያ በኩል ውጣ። ይግባኝ የለም» አለችው። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ፤ ስሙም ጸና።

በሥራ ቀን በታላቅ ወንድሟ ጎማ ቤት ውስጥ ጎማ ትለጥፋለች፤ ቅዳሜና እሁድ ጨዋታ ትመራለች። ጉልበቷ ግን የቆየ ጉዳት አለበት። ለጨዋታ ብላ የህመም ማስታገሻ መዋጥ ጀመረች፤ ኋላ ለልምምድም ሆነ፣ በመጨረሻ ከአልጋ ለመውረድም። «ማንም እየገዛ የሚውጠው ክኒን ምን ያደርገኛል?» ትል ነበር።

ከዚያ ድካም መጣ። ምግብ አስጠላት። ካልሲዋን ስታወልቅ የላስቲኩ ምልክት ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጎድጉዶ ይቀራል። «እርጅና ነው» ብላ አለፈችው። አንድ እሁድ ግን ጨዋታው ሳያልቅ ዓይኗ ጭልም አለባትና መሐል ሜዳ ላይ ተንበረከከች። ወንድሟ ከተመልካች መሐል ዘሎ ወርዶ «ቃሬዛ! ቃሬዛ!» እያለ ጮኸ። እሷ በእግሯ ወጣች።

ሆስፒታል ደሟና ሽንቷ ተመረመረ፤ በቀጭን መርፌም ከኩላሊቷ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን ወንድሟ ባለበት የነገረቻት አንዲት ረጋ ያለች የኩላሊት ሐኪም ነበረች።

«ኩላሊትዎ ተቆጥቷል» አለቻት።

«ምን አድርጌው?»

ወንድሟን ሳቅ አመለጠው፤ ሐኪሟም ፈገግ አለች።

«ማስታገሻውን አብዝተውበታል። ሰውነት ጉዳት ሲያይ ነጭ የደም ሕዋሳት ይልካል። ሥራቸውን ጨርሰው ቢሄዱ ደግ ነበር፤ ጉዳቱ በየቀኑ ሲደጋገም ግን እዚያው ይሰፍራሉ። በእነሱ ግፊት ሰውነት ‹ልጠግን› ብሎ ጠባሳ መሥራት ይጀምራል፤ ማቆሚያም ያጣል። እዚያ ክንድዎ ላይ ያለው ጠባሳ ፀጉር ያበቅላል?»

የጎማ መፍቻ ብረት የተወባትን ጠባሳ ዳሰሰችው። «አያበቅልም።»

«የኩላሊት ጠባሳም ደም አያጣራም። ጭራሽ በዙሪያው ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጠፋሉ፤ ደም ያነሰው ጎረቤቱም በተራው ይቆጣል። ቁጣው ጠባሳ ይወልዳል፤ ጠባሳው ደግሞ መልሶ ቁጣ።»

«ይድናል?» አለ ወንድሟ።

«ጠባሳ የሆነው አይመለስም፤ ከግማሽ በላዩ ሥራ አቁሟል። ቁጣውን ካበረድነው ግን የቀረውን ልናተርፍ እንችላለን። ማስታገሻው ዛሬውኑ ይቁም። ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት አዝልዎታለሁ።»

«መቼ ነው የምሮጠው?»

«እግዚኦ! ሰው ስለ ነፍሷ ይጨነቃል፣ እሷ ስለ ሩጫ!» አለ ወንድሟ።

«አሁን አይሆንም» አለች ሐኪሟ። «ቁጣው ይብረድ፣ የደም ግፊትዎም ይስተካከል፤ ያኔ እናያለን።»

«እንግዲያው የቀረው የእኔ ነው፤ ማንም አይወስድብኝም» ብላ ተነሳች።

መድኃኒቱ ፊቷን እንደ ፊኛ ነፋው። ጨው ቀነሰች። ጉልበቷ ያለ ክኒን ሲጠዘጥዛት ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ያልቻለችው ወንድሟን ነው። እንደ ብርጭቆ ያዛት። ጎማ ስታነሳ ይቀማታል፤ ደንበኛ ስለ እሷ ሲጠይቀው ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል።

«ጋሼ፣ አልሞትኩም እኮ! ጮክ ብለህ አውራ።»

«እሺ እህቴ፣ እሺ» ይላል፣ በሹክሹክታ።

የዳኞች ማኅበር ሊቀመንበር ደግሞ ጨዋታ ከሚመደብላቸው ዳኞች ዝርዝር አወጣት። ቢሮው ድረስ ሄደች።

«ለአንቺው አዝነን ነው። ታመሻል፣ ዕረፊ» አላት።

«ሐዘኑን ለተሸነፈ ቡድን ያቆዩት። የሩጫ ብቃት ፈተና አለ አይደል? ልፈተን። ብወድቅ በደንቡ እወጣለሁ፤ በሐዘን ግን አልወጣም!»

ሐኪሟ ስትፈቅድላት ተፈተነች፤ ወደቀች። የመጨረሻው ዙር ላይ ጉልበቷ ከዳት። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አሳያትና «በቃ እንግዲህ፣ ሞከርሽ» አለ።

«ደንቡ ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል። ቀኑን ይንገሩኝ» አለች፣ ትንፋሿ ገና ሳይመለስ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አንድ የሥራ ባልደረባዋ ጠጋ ብሎ የምታውቀውን ክኒን አስጨበጣት። «ለዚያች ቀን ብቻ፤ ምንም አይልሽም።» ለጥቂት ጊዜ መዳፏ ላይ አየችው። ጉልበቷ ያኔም ይነድ ነበር። ከዚያ ሽንት ቤቱ ውስጥ ጣለችውና ውሃ ለቀቀችበት። «ላንተ ጉልበት ነው፤ ለእኔ ጠባሳ» አለችው።

የአካል ሕክምና ባለሙያ የጭን ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ አሳያት። ጎማ ክምሩን ተደግፋ፣ ደንበኛ እያያት፣ ወንድሟ እያጉረመረመ፣ ሳታቋርጥ ሠራችው። በሁለተኛው ፈተና እያነከሰች ጨረሰች፤ ግን በሰዓቱ ጨረሰች። ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፍቶ ፈረመ።

ሐኪሟም የደሟን ውጤት አይታ «ቁጣው በርዷል» አለቻት። «ጠባሳው እንዳለ ነው፤ የቀረው ግን ሥራውን ይዟል። ስለ ነገ ቃል አልገባልዎትም፤ ክትትሉን እንዳያቋርጡ።»

«እኔም ቃል አልጠየቅኩም» አለች።

በተመለሰችበት ጨዋታ ወንድሟ የሚደግፈው ቡድን ነበር ሜዳ የገባው። የዚያ ቡድን አጥቂ የቅጣት ክልል ውስጥ ወደቀ፤ «አልተነካም፣ ተነስ» አለች። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። «ፊኛ! ፊኛ!» ይሏታል፤ ጆሮዋን አልሰጠችም። ድንገት ከሁሉም በላይ አንድ ጎርናና ድምፅ ወጣ።

«አንቺ! ዓይንሽን የት ጥለሽው መጣሽ? ፍጹም ቅጣት ምት ነው እኮ፣ ዕውር!»

ዞር ብላ አየች። ወንድሟ ነው፤ ወንበር ላይ ቆሟል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ለወራት እንዲህ ጮኾባት አያውቅም። ሳቋን ዋጠችና በእጇ «ቀጥሉ» ብላ ከኳሱ ኋላ ሮጠች።