ለባል የተነገረ ውጤት

ወንድምአገኘሁ ሚሊኒየሙ ሊገባ ሰሞን አዲስ አበባ ሄዶ ከማህፀን በር የተወሰደ ሴል በማይክሮስኮፕ ማንበብ ተምሮ ሲመለስ፣ የኮምቦልቻ ዘመዶቹ በግ አርደው ተቀበሉት። ከዚያ ወዲያ ሚኒባስ ሲሳፈር እንኳ ነጭ ጋዋኑን አያወልቅም። የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ስንወጣ ተሳፋሪው «ዶክተር» እያለ ቦታ ይለቅለታል። እሱም ላቦራቶሪስት ነኝ ብሎ አያርምም፣ ይቀመጣል። ደሴ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ እኔ ነርስ፣ እሱ መርማሪ ሆነን አብረን ስለሠራን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ።

ዓይኑ ግን ዓይን ነበር፤ ምን ያዋሸኛል። እኔ ከሴቶቹ ማህፀን በር ላይ በስሱ ጠርጌ መስታወት ላይ እቀባለሁ፣ አልኮል ውስጥ እነክራለሁ፤ እሱ ቀለም አስገብቶ ያነባል። የተበላሸውን ሴል ከጤነኛው መሀል፣ ከምስር ጠጠር እንደሚለቀም ነቅሶ ያወጣዋል። ሴሉ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ በጊዜ ከተደረሰበት በትንሽ ሕክምና ተወግዶ ሴትዮዋ በዚያው ቀን ቤቷ እንደምትገባ ሲያስረዳኝ ማቆሚያ የለውም። ይህን ሁሉ የሚያወራው ለእኔ ነው። ባለጉዳይዋ ፊቱ ስትቆም ምላሱ ይታሰራል።

ስለ ማህፀን ከሰው ሚስት ጋር ማውራት ነውር ነው ይላል። ክፉ ውጤት ደግሞ እንደ መርዶ በዘመድ በኩል ነው እንጂ በቀጥታ አይነገርም ይላል። መርዶ ለሞተ ሰው ነው፣ እነዚህ ገና በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው ብዬ ብመልስለት «ሲስተር፣ አንቺ ወግ አታውቂም» አለኝ። እሱ ወግ ይለዋል። እኔ ፍርሃት ነው የምለው።

ረሂማ ሰኞ ገበያ ከባሏ ከጀላል ጋር ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ምንም ሳያማት፣ ጎረቤቷ መክራት ነው የመጣችው። መስታወቷ ላይ የተለወጡ ሴሎች ተገኙ፤ ካንሰር ግን ገና አልነበረም። ወንድምአገኘሁ ጀላልን አስጠርቶ በሩን ዘጋ። አንገቱን ደፋ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ደጋግሞ ጉሮሮውን ጠራረገና ማህፀኗ ላይ ክፉ ነገር ተገኝቷል፣ የአላህ ፈቃድ ነውና ይበርቱ አለው። ስለ ሕክምናው አንድም ቃል አልተነፈሰም። ኋላ ስጠይቀው ሰውየው እያለቀሰ ስለ ሕክምና መሣሪያ ማውራት አሳፈረኝ አለኝ። ያን ዕለት ግን ለሚመለከተው ተናግሬአለሁ ስላለኝ፣ ለሕክምና የላካት መስሎኝ ነበር።

ጀላል መርዶ የሰማ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ለሚስቱ ደህና ነሽ፣ አልሐምዱሊላህ አላት። ሰደቃ አወጣ፣ ዱዓ አስደረገ፣ ከሱቅ አስቀራት፣ ስትመኘው የኖረችውን ወርቅ ገዛላት። ጀላል ዘንድሮ እንደ ሙሽራ አሞላቀቀኝ እያለች ለጎረቤት ትስቅ ነበር። በሕይወት ያለች ሚስቱን እያለቀሰላት እንደሆነ በምን ትወቅ?

በሦስተኛው ዓመት ከስታ፣ ደም እየፈሰሳት መጣች። የማህፀን ሐኪሙ አይቶ ጊዜው እንዳለፈ ተናገረ። ጀላል እዚያው ፈነዳ፣ የደበቀውን ሁሉ ዘረገፈው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ረሂማ ምን ደበቀች? የደበቁት እነሱ ናቸው። ባልየው እንኳ አሳዘነኝ፤ ያኛውን ግን ናቅሁት፤ ዛሬም እንቀዋለሁ።

ረሂማ አላለቀሰችም። አግዳሚው ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ ወንድምአገኘሁን አስጠራችው። ጋዋኑን እየቆለፈ መጣ።

«ወንድሜ፣ ያኔ ይድን ነበር?» አለችው።

የጋዋኑን የመጨረሻ ቁልፍ ቆለፈ።

«ወላሂ አልቆጣህም። ገላው የኔ ነው፣ ለኔ ንገረኝ። ይድን ነበር?»

እሱም ፊቱን ከእሷ መልሶ ወደ ባሏ ጠጋ አለና፣ በለሆሳስ «ጋሽ ጀላል፣ እስቲ አንዴ ለብቻዎ ላነጋግርዎ» አለው።