ክብሪት የጫረው «እኔ»

ግጥም የገጣሚው ልብ መስኮት ነው ይባላል። አይደለም። ገጣሚውና የግጥሙ ተናጋሪ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ይህንን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬ ማንንም በቅጡ አላሳመንኩም።

አንድ ቅዳሜ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ስሄድ ኬላ ላይ ቦርሳዬ ተፈተሸ። ውስጡ ገና ያላረምኳቸው የተማሪዎቼ ግጥሞች ነበሩ። የቤት ሥራው «እናንተን ያልሆነ ሰው ‹እኔ› እያለ ይናገር» የሚል ነበር። ሳርማቸው እንዳላደላ ስም የተጻፈበትን ጫፍ በመቀስ ቆርጬ በምትኩ ቁጥር እጽፋለሁ። ያው ቁጥር ያለባቸው የስም ቁራጮች ትምህርት ቤት፣ መሳቢያዬ ውስጥ ይቀመጣሉ። ከግጥሞቹ አንዱ እንዲህ ይጀምራል፦

ክብሪት የጫርኩ እኔ፣ ሣር የደረቀ ለት፤
ቆሜ እሳት የሞቅሁ፣ ቤቷ ሲነድባት።

ፈታሹ ሁለቴ አነበበውና ከሚኒባሱ አወረደኝ።

የታሰርኩበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከላዩ የማንጎ ዛፍ አለ። ፍሬ በወደቀ ቁጥር በሩ የተከፈተ እየመሰለኝ ብድግ እል ነበር። ከእኔ በፊት የገቡ አንድ ሽማግሌ፣ የሱዳን ድንበር ላይ ካለችው ኩርሙክ የመጡ ነጋዴ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

መርማሪው ወጣትና ትሑት ነው። ያስፈራኝም ትሕትናው ነበር።

«መምህር፣ ቤቱን ያቃጠለው ማን ነው?»

«የግጥሙ ተናጋሪ።»

«አድራሻው?»

«የለውም።»

«‹እኔ› ይላል እኮ!»

«መድረክ ላይ ንጉሥ የሆነ ተዋናይ ግብር አይሰበስብም።»

አልሳቀም። «ሰኞ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መሳቢያዎን እናያለን። ቀድመው ቢነግሩን ለእርስዎ ይሻላል።»

የመቀሱንና የመሳቢያውን ነገር ራሴ ነኝ የለፈለፍኩለት። አስተማሪ ሲጠየቅ ያብራራል፤ በሽታችን ነው።

የእጅ ጽሕፈቱን ግን ገና ስይዘው አውቄዋለሁ፤ የአንዲት ተማሪዬ ነው። የተቃጠለው የልጅቷ የራሷ ቤት ነው። ያቃጠለባትን ሰው አፍ ተውሳ ጻፈች። ስሟን ብሰጥ፣ ሸሽታ ያመለጠችው እሳት መርማሪ ፊት ሊጠብቃት ነው።

ነገሩን ለሽማግሌው አወራኋቸው።

«ኡስታዝ» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛቸው፤ መምህር ማለታቸው ነው። «እኔ ለልጆች ተረት ይነግራል። ‹እኔ ጅብ ነኝ፣ አህያ በላሁ› ይላል። የማን አህያ ጠፋ? ማን እኔን አሰረ?»

«ታስረዋል እኮ፣ አባቴ።»

«ይሄ በኮንትሮባንድ ስኳር ነው! በጅብ አይደለም!» ሳቁ፤ ወዲያው ኮስተር አሉ። «አንተ ወሬ ብዙ። ተረት ነጋሪ ‹ጅብ አይደለሁም› ብሎ አይምልም። ተረቱን ይጨርሳል፣ ዝም ይላል።»

እሑድን ዝም ማለት ስለማመድ ዋልኩ። ማንጎው ግን ዝም አላለም።

ሰኞ ጠዋት መርማሪው ግጥሙንና እስክሪብቶ ፊቴ አስቀመጠ። «ከሥሩ የማን እንደሆነ ይጻፉበት።»

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ስም አልጻፍኩም። የሥራዬን ብቻ፣ «9 ከ10። ቤት መምቻው ላልቷል።» ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ አነበበ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«‹ለት›... ‹ባት›... ይመታል እኮ! አንዷን ለምን ቀነሱበት?»

መልስ ነበረኝ፤ ረዥም መልስ። ዋጥኩት።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሐሙስ ለቀቁኝ፤ ከዚያች ገጽ በቀር ሌሎቹን ግጥሞች መለሱልኝ። መሳቢያዬ አልተነካም። ለምን እንዳልሄዱ እስከ ዛሬ አላውቅም። የልጅቷን ስም የያዘችውን ቁራጭ አውጥቼ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ሄድኩና ክብሪት ጫርኩ። ይህኛው «እኔ» በእርግጥ እኔ ነኝ።

ውጤቷን በቃል ነገርኳት። «ወረቀቱስ?» አለች። «ሌላ ሰው እያነበበው ነው» አልኳት። ዋሽቼ እንደሆነ አላውቅም።

አሁንም የተማሪ ስም እቆርጣለሁ፤ ቁራጭ ግን አላስቀምጥም። ማንጎ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ ዛሬም ብድግ እላለሁ። አንተም፣ እዚህ ድረስ ያነበብከው፣ ልጅቷ ማን ናት ብለህ አትጠይቀኝ።