ከሁሉ ኋላ ያቆጠቆጠው ዛፍ

ና ቀረብ በል ናሆሜ፣ ብርድ ልብሱንም ሳብ አድርገው። ጥር ነው፤ እኛ አገር ፀሐይ የሚሞቅበት ወር እዚህ ጣት ይቆረጥማል። ትናንት በጓሮ መስኮት እያየህ «ይሄ ዛፍ ደርቋል እንዴ?» ያልከኝን ልመልስልህ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ የማወራው እንደመጣልኝ ነውና ወዲያ ወዲህ ብል ታገሠኝ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ደብረ ብርሃን አጠገብ ነበር። ያኔ ክብሪት እንደ ልብ አይገኝም፤ ማታ እሳቱ በአመድ ይዳፈንና ጠዋት አመዱ ገለጥ ሲደረግ ፍሙ እንደ እንቅልፋም ሰው ቀይ ዓይኑን ይከፍታል። የአባቴ አክስት፣ እትዬ ዘነቡ የምንላት፣ ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። ኩራዙ ጥቀርሻውን ወደ ጣሪያው እየላከ፣ የባሕር ዛፉ ጭስ እያስለቀሰን፣ ምድጃውን ከበን ስንቀመጥ ተረት የምትነግረን እሷ ነበረች። ከሁሉ የሚያስፈራኝ አንዱ ነው። እናትየዋ ሩቅ አገር ለቅሶ ስትሄድ ለልጇ፣ «እሳቱን ዳፍኜዋለሁ፤ ስመለስ አብረን እንገልጠዋለን» ትላታለች። ልጅቱ ጋደም ትልና እሳቱ የሞተ ይመስላታል። ተነሥታ አመዱን ገለጥ ብታደርገው ቀይ ነው፤ ደስ ይላትና መልሳ ትሸፍነዋለች። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ትጠራጠራለች፤ ደግሞ ትገልጠዋለች። በገለጠችው ቁጥር ፍሙ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ሲነጋ አመዱ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ተገኘ። እናትየዋም መጣች፤ አልተቆጣችም፣ ከጎረቤት በገል እሳት ይዛ ተመለሰች። እትዬ ዘነቡ ይህን ስትጨርስ ራሴን ዳበስ አድርጋ፣ «የዳፈነችው እናት ናት፤ የልጅ ሥራ መተኛት ነው» ትለኝ ነበር።

አንተ ገና በእናትህ ሆድ ሳለህ ነው ነገሩ። እዚሁ አሜሪካ ካለችው አሌክሳንድሪያ ወጥተን ሲልቨር ስፕሪንግ እዚህ ቤት ከገባን ብዙም አልቆየን፤ ሐኪሞቹ እናትህን ትዕግሥትን «ሆስፒታል አልጋ ይዘሽ ካልተኛሽ ልጁ ያለጊዜው ይመጣል» ብለው አስቀሯት። በብርድ ወራት ጉንፋን ይዞ ይገባል ብለው ደግሞ ሕፃን ወደ ክፍሏ አያስገቡም። እህትህ ሕሊና ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እናቷን በስልክ ብቻ ነበር የምታገኛት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ትቆያለች።

አባትህ ደግሞ አሌክሳንድሪያ አፓርትመንታችን ፓርኪንግ ዳር የነበረውን፣ በጋ በጋ ሮዝ አበባ የሚያወጣውን ዛፍ እናትህ እንደምትወደው ያውቃል። የሱን ዓይነት ኦርደር አደረገ። ስሙን እስከ ዛሬ አፌ አልያዘውም፣ እናንተ ክሬፕ መርትል የምትሉት ነው። ረጅም ካርቶን መጣ፤ ብከፍተው አንድ ቀጭን እንጨት፣ ሥሩ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጨባረረ፣ ቅንጣት አፈር የሌለው፣ በርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ።

«ግርማ፣ ይህን ጭራሮ ገንዘብ ከፍለህበት ነው?» አልኩት።

ትዕግሥት ከተኛች ወዲህ ያን ቀን ነው የሳቀው። «እማዬ፣ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። አፈሩን አራግፈው የሚልኩት በእንቅልፉ ጊዜ ነው» አለኝ።

ሥሩን በባልዲ ውኃ ዘፍዝፎት አደረ። በማግሥቱ መሬቱ ላላ ሲል ሰፋ ያለ ጉድጓድ ቆፈረ፤ መካከሉ ላይ አፈር ከምሮ ሥሩን እንደ ቀሚስ ዘርፍ ዙሪያውን ዘረጋው። እኔ ጠለቅ ይበል ስል እሱ ሥርና ግንዱ የሚገናኙበት አንገቱ ከመሬት በላይ ይሁን አለ፤ ተከራከርን፣ እሱ ረታ። ሕሊና በትንሿ ቦት ጫማዋ አፈሩን እየረገጠች ጠቀጠቀችው። አባትህ ዓይኗን አየና፣ «ይሄ ዛፍ ቅጠል ሲያወጣ ማሚ ትመጣለች» አላት። ቀኑን ሊያሳጥርላት ብሎ ነው። እሷ ግን እንደ ስለት ያዘችው።

ብርዱ አለፈ፤ የሆስፒታሉ ክልከላ ግን ገና አልተነሣም። የጎረቤቱ ቼሪ አበበ፣ ረገፈ፣ ቅጠል ለበሰ፤ የአጥሩ ሥር አረም እንኳ ለመለመ። የእኛው እንደ ምርኩዝ ቆሞ ቀረ። ሕሊና ምሳዋን በላንች ቦክስ እንደወሰደችው ትመልሰዋለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «እማማ፣ ዴድ ነው» አለችኝ። እንግሊዝኛ ባላውቅም ያቺን ቃል አውቃታለሁ፣ ሞቷል ማለቷ ነው፤ ስለ ዛፉ ብቻ እንዳልሆነም ገባኝ።

እጇን ይዤ ወጣሁ። ደርቆ ባገኘው ምን እላታለሁ? በአውራ ጣቴ ጥፍር ቅርፊቱን ፋቅ አደረግሁት። ከሥሩ እንደ ጎመን ቅጠል አረንጓዴ! ልጅቱ ትንፋሿን ስትለቅ ተሰማኝ። ስለ አመዱና ስለ ፍሙ ነገርኳት፤ ያን ማታ በላች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከአውቶቡስ እንደ ወረደች ሮጣ ትፍቀዋለች። ቀጭኑ ግንድ ድመት የቧጠጠው መሰለ። ያኔ ነው የተረቱን ጫፍ እንዳልነገርኳት ትዝ ያለኝ። አስቀመጥኳትና ፍሙ እንዴት እንዳለቀ ነገርኳት። «እኔ ምን ልሥራ ታዲያ?» አለችኝ።

«አንቺ ተኚ» አልኳት። በነጋታው በዛፉ አጠገብ ስታልፍ ሁለት እጇን ኪሷ ከታ ነበር።

ከዚያ አንተ መጣህ፣ ጊዜህን ጨርሰህ፣ እያለቀስክ። እናትህ አቅፋህ በዚህ በር ስትገባ ሕሊና አልሮጠችም። አንዴ እናቷን፣ አንዴ ጓሮውን ታያለች።

«ግን እኮ ቅጠል የለውም» አለች።

«የምን ቅጠል?» አለች እናትህ፤ ምኑንም አታውቅ። አባትህ አፉን ያዘ። ሕሊና እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች፤ እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ዛፉን አንተን ስናጥብ ስናስተኛ ረሳነው። አንድ ጠዋት ዳይፐር ልጥል ስወጣ ከየቅርንጫፉ ቀላ ያለች ቡቃያ ብቅ ብላለች፣ ልክ እንደ ፍም። የአጥር ጎረቤታችን ሴትዮ፣ የዚህ ዘር ከሁሉ ኋላ ነው የሚነቃው አለችን። ምነው በመጋቢት በነገረችን!

እትዬ ዘነቡ እኔ አሜሪካ ሳልመጣ ነው ያረፈችው። አባትህ ያኔ ይነዳው የነበረውን ታክሲ ትቶ አውቶቡስ ይነዳል፣ እናትህ ደህና ናት፣ አንተም ይኸው ቁመትህ ከእኔ በልጧል። ዛፉ ጣሪያውን አልፏል፤ ካደገ ወዲህ በጋ ሲሆን አሮጌ ቅርፊቱን ይጥላል፣ የሕሊና የጥፍር ምልክትም አብሮ ወደቀ፣ ብትፈልገው አታገኘውም። እሷ አሌክሳንድሪያ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። ባለፈው እሑድ ስትመጣ በመስኮት አየኋት፤ ራቁቱን የቆመውን ዛፍ ቀና ብላ አየችው፣ እጇን ከኪሷ አላወጣችም። ከዚያ ገብታ ምሳዋን በላች።