ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

«እማማ፣ ነሐሴ ላይ ተወለዱ ቢባል ምን ችግር አለው?» አለኝ ዛሬ ጠዋት፣ ፒያሳ መታወቂያዬን ላሳድስ የሄድኩበት ቢሮ ጸሐፊ።

እኔ የተወለድኩት በጳጉሜ ነው። ትናንት ቤቴ ቁጭ ብዬ የኢንተርኔቱን ቅጽ ስሞላ፣ ያለ ምንም ክርክር ተቀብሎኝ ነበር።

ዛሬ ግን ጸሐፊው ያንኑ ቅጽ በወረቀት አትሞ፣ እያየ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር እንደገና ይገለብጣል።

«ሁለቱ አይገናኙም እንዴ?»

«የኢንተርኔቱ ሌላ፣ የቢሮው ሌላ ነው እማማ።»

የተኳረፉ ጎረቤታሞች መሰሉኝ። እሱ መካከል ገብቶ መልእክት ያመላልሳል፤ ለዚህም ደመወዝ ይከፈለዋል።

በአሥራ ሦስት ወር በምንኮራበት አገር፣ የቢሮው ኮምፒውተር የሚያውቀው አሥራ ሁለቱን ብቻ ነው።

«ነሐሴ ካልን አሁኑኑ ይወጣል፤ ጳጉሜ ካልን ግን አይመዘግብልኝም» አለኝ።

ነሐሴ ከተባለ ከጡረታ ደብተሬ ጋር ይጣላል። መታወቂያው ካልታደሰ ደግሞ ጡረታዬን የሚሰጠኝ የለም።

«ልጄ፣ እናቴ ያማጠችበትን ወር አንተ አትቀይረውም» ብዬው ወጣሁ። ወሩ እስኪገኝ ጡረታዬ ባንክ ይቀመጣል፤ እኔም በዱቤ እንዲሰጠኝ ከሰፈሬ ባለሱቅ ጋር እደራደራለሁ።

የጳጉሜ ልጆች፣ እናንተንስ ወደ የትኛው ወር አዛወሯችሁ?