እኔ ያበላሸሁት መጠይቅ

ትልቋ ልጄ ማስተርስ ልትማር ነው ስል፣ ጎረቤቴ ሐኪም የምትሆን መስሏት የሚያማትን ጉልበቷን ገልጣ ነበር። ሕክምና ሳይሆን የትምህርት አመራር ነው፣ ርዕሰ መምህር ለመሆን ነው አልኳት።

«ለዳይሬክተርነት ይማራሉ እንዴ?»

«አሁን ይማራሉ።»

«የእኛው ሳይማር አይደል እንዴ የሆነው?»

«እሱማ ተሹሞ ነው።»

ጉልበቷን ሸፈነች።

የእኛው የምትለው የቀበሌያችንን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው። ሚስቱ የትንሿ ልጄ የክርስትና እናት ስለሆነች አበልጄ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ለቅሶ ሲሆን ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ድንኳን ሲተከል ገመዱን የሚይዘው እሱ ነው።

ትልቋ ልጄ ራቅ ያለ ወረዳ ስምንት ዓመት አስተምራለች። ከዚያ ነው ይህን ትምህርት የጀመረችው፤ ክረምት ክረምት ደብረ ማርቆስ እየሄደች፣ መንገድ ሲዘጋ እየቀረች፣ ሲከፈት እየሄደች። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ይህንንም የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። ፍርሃቴ ግን ፈጣን ነው። ስትሄድ እፈራለሁ፣ ደረስኩ ስትለኝ ደግሞ መመለሷን እፈራለሁ። ርዕሰ መምህር መሆኗንም ፈርቼው ነበር። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁልፍ የያዘ ሰው ነው። ይህን ስነግራት «እማ፣ ቁልፉን የሚይዘው ዘበኛው ነው» አለችኝ። አልተጽናናሁም።

መጨረሻ ላይ ጥናት መሥራት ነበረባት። ጥናቱ ወላጆች ስለ ትምህርት ቤታቸው አመራር ምን ይላሉ የሚል ነው። የሚያውቋት ሰዎች ያሉበት ይሻላል ብላ የእኛን ትምህርት ቤት መረጠች፣ ሠላሳ ወረቀትም ይዛ መጣች። መጠይቅ ይሉታል። በያንዳንዱ ሐሳብ ፊት ለፊት አምስት ሳጥን አለ፤ በጣም እስማማለሁ ከሚለው ይጀምርና በጣም አልስማማም የሚለው ጋ ያበቃል። ሰው የመሰለው ላይ ምልክት ያደርጋል። ስም አይጻፍም።

«ስም ለምን አይጻፍም?» አልኳት።

«ሰው ሳይፈራ እንዲመልስ።»

ይህን ጊዜ ፍርሃቴ ባሰብኝ። የሚያስፈራ ነገር ባይኖርበት ሰው እንዳይፈራ ይህን ያህል ባልተደከመ ነበር።

በማግስቱ መኪና ተገኘና ልጄ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወረቀቱን ለማኅበራችን ሴቶች እንዳድል፣ ማንበብ ለማይችሉት ልጆቻቸው እንዲያነቡላቸው ነግራኝ ነው የሄደችው።

ስድስተኛው ሐሳብ ትምህርት ቤቱ ለሴት ተማሪዎች ምቹ ነው ይላል። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር የለውም። በሩ ከተነቀለ ወዲህ ማጠፊያው ብቻ ነው ያለው። ትንሿ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ የወር አበባዋ ሲመጣ አራት ቀን ትቀራለች። ራሷን አሟት ነው እላለሁ። አበልጄም «እግዜር ይማራት» ይለኛል። በየወሩ ራሷን የሚያማት ምን ሆና ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ነግሬው አላውቅም።

ሴቶቹ ምን እንበል ብለው ጠየቁኝ።

«የአበልጄ እንጀራ ነው። በጣም እስማማለሁ በሉ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ከተለያየን ማን ምን እንዳለ ይታወቃል።»

አንዲት ቀልደኛ አለችን። «እኔ ከባሌ ጋር እንኳ በጣም ተስማምቼ አላውቅም። እስማማለሁ ብቻ ብል አይበቃም?» አለች።

«በጣም በይ» አልናት። በጣም አለች።

ሠላሳውን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ላክሁላት። በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ አድርጌ የሠራሁት ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ከወር በኋላ ልጄ ደወለች። አማካሪዋ፣ ማለትም ጥናቷን የሚከታተላት መምህር፣ ወረቀቶቹን አይቶ «ይህን አንቺው ቤትሽ ተቀምጠሽ ነው የሞላሽው» ብሏታል። አሥራ አንደኛው ላይ ርዕሰ መምህሩ ብዙ ጊዜ ከሥራው ይቀራል የሚል ነበር ለካ። በዚያም ሠላሳችንም በጣም ተስማምተናል። አጭበርብራለች ከተባለ ትባረራለች፣ የአራት ክረምት ትምህርቷም እዚያው ይቀራል።

ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ሌላ ጊዜ የምተኛ ይመስላል። ጠዋት ከደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ ሚኒባስ ያዝኩ። ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ አንድ ጣሳ ማር ይዣለሁ። የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ፈትሾ ጣሳውን አወጣ።

«ይህ ለማን ነው?»

ለመምህሩ ብል ጉቦ የሚባል መሰለኝ። «ለአንተ ነው» አልኩት። አመሰገነኝና ወንበሩ ሥር አስቀመጠው።

አማካሪው ጎልማሳ ነው፣ ከመቀመጫው ተነስቶ አስቀመጠኝ። የሞሉት ሴቶቹ መሆናቸውን፣ ያስሞላሁት ግን እኔ መሆኔን ነገርኩት።

«ለምን እንዲህ አደረጉ?»

«ፈርቼ።»

«ማንን ነው የፈሩት?»

መንገድ ላይ ይህን መልስ አላዘጋጀሁም ነበር። «እርስዎንም» አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «እሺ፣ ርዕሰ መምህሩ ከሥራ ይቀራል?»

«አይቀርም። የገበያ ቀን ብቻ ነው።»

ትንሽ ጻፈ። ከዚያ ወረቀቶቹን ወደ ጎን አድርጎ፣ ልጄ ሴቶቹን ሰብስባ በቃል ታነጋግራቸው፣ ድምፃቸውንም ትቅዳ አለ። «እዚያም እንዲሁ ካሉ ግን እናቴ፣ እኔ የምረዳት ነገር የለም።»

በሳምንቱ ልጄ መጣች። ከእኔ ጋር ስምንት ሴቶች ሆነን እኛ ቤት ተሰበሰብን። ስልኳን በርጩማ ላይ አስቀምጣ «እናቶች፣ ትምህርት ቤቱ ለሴት ልጆቻችሁ እንዴት ነው?» አለች።

«ተመስገን ነው።»

«መልካም ነው።»

«ልጆቹም አይከፋቸው።»

እንዲህ እያሉ ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው። ቀድሞ ያልኳቸውን እየጠበቁ ነበር። ልጄ ሌላ ጠየቀች፣ እሱም ተመስገን ሆነ። ሦስተኛውም እንዲያው። ከዚያ ጥያቄዋን አቁማ እጇን ወደ ስልኩ ሰደደች፤ ልታጠፋው ነው።

«በር የለውም» አልኩ።

«ምኑ?» አለች ቀልደኛዋ፣ ምኑ እንደሆነ እያወቀች።

«የሴቶቹ መጸዳጃ። ትንሿ ልጄ ራሷን አሟት አያውቅም። በር ስለሌለው ነው የምትቀረው።»

ከዚያ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው «የእኔዋም ሆዷን አይደለም የሚያማት» አለች። ቀልደኛዋ ደግሞ «የእኔዋ በቆሎው ውስጥ ነው የምትገባው። በቆሎው ሲታጨድ ትቀራለች» አለች፤ ይህን ስትል አልቀለደችም። ወሬው ከዚያ ወዲያ አልቆመም። ተሰብስበን ሳናውቅ ፈርሙ የተባልነው ቃለ ጉባኤ ሳይቀር ተነሳ። የልጄ ስልክ ሞልቶ የእህቷን ተዋሰች።

አበልጄ በማግስቱ ጠዋት መጣ። ሳይቀመጥ «በሩን አነሳሽብኝ አሉ» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔን ጠርተሽ ብትነግሪኝስ?»

«ፈራሁህ።»

«እኔን?» አለና ራሱን ከእግር እስከ ደረቱ ተመለከተ። «እኔ እኮ ወረዳውን ፈርቼ ነው ለበሩ ያልጠየቅሁት።» ቅመስ ብለው ጾም ነው ብሎኝ ወጣ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ጾምም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጣም።

በሁለተኛው ወር ልጄ ደወለች። አማካሪው ድምፁን ሰምቶ አምኗታል፣ ጥናቱንም ተቀብሎታል። ተመስገን አልኩ፣ ይህኛው እውነተኛ ነበር። ከዚያ እኔ ያልኩት የቱ ጋ እንደገባ ጠየቅኋት።

«አንቺ ያልሽው አልገባም እማ።»

«ለምን?»

«እናቴ ነሽ። የአጥኚ እናት አትቆጠርም። ሰባቱ ያሉትን ነው ያስገባሁት።»

ትንሽ አሰብኩበት።

«እንግዲያው እንዳልተቆጠረ ለአበልጄ ጻፊልኝ፣ ማኅተም ካለውም ማኅተም አስመቺበት» አልኳት።

ሳቀች። እኔ የምሬን ነበር።