እጅ ወደ ኋላ

በሽታ ይዘሽ መጥተሻል ብለው አገሬ በር ላይ ያቆሙኝ ሽማግሌዎች፣ ከማቆማቸው በፊት ሦስቱም እጄን ስመውኛል። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔ እስካሁን አልሳቅኩም።

አገሬ ከኩታበር ወዲያ፣ ዙሪያውን ገደል የከበበው አንድ አምባ ነው። መውጫውም መግቢያውም አንዲት ቀጭን መንገድ ናት፤ እሷንም «በሩ» እንላታለን። መኪና አይደርስበትም፤ ጤና ኬላውም ከታች ቆላው ውስጥ ነው። ደሴት የሚባለውን ነገር በዓይኔ አላየሁም፤ ግን የኛን አምባ የሚመስል ይመስለኛል፤ በውሃ ፈንታ ገደል ሆነ እንጂ። ከዚያ ወርጄ ኮምቦልቻ ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ ገባሁ። ልጄን ጡት እንዳስጣልኳት እናቴ ዘንድ ተውኳት። አባቷ በጅቡቲ በኩል ዓረብ አገር ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል፤ አራት ሴቶች በተከራየንበት አንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሕፃን ማሳደግ አይቻልም። ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር እወጣ ነበር። ልጄ መጀመሪያ የእናቴን ቀሚስ ይዛ ታየኛለች፤ ቀስ በቀስ ትጠጋለች፤ ከሰዓት በኋላ ጭኔ ላይ ናት። ወሩን ሙሉ መርፌ ስር የምውለው ለዚያች ከሰዓት በኋላ ነበር።

ኮሮና ሲመጣ መንገዱ ተዘጋ፤ ፋብሪካው ግን አልተዘጋም። ልብሱን ትተን ማስክ መስፋት ጀመርን። ጠዋት በር ላይ በኖራ በተሠመረ ክብ ውስጥ ተራርቀን እንቆማለን፤ ጥበቃው ሙቀት መለኪያውን ግንባራችን ላይ ይደግናል፤ ተራ በተራ እጃችንን እንታጠባለን። ከዚያ እንገባና ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን እንሰፋለን። አንድ ቀን አለቃዬን ውስጥ ስንገባ በሽታው የት እንደሚሄድ ጠየቅኩት። «ማሽኑ በቦልት ነው የታሰረው፤ ማን ነቅሎ ያራርቀው?» አለኝ። ቤት ስንመለስ ደግሞ አራታችን በሁለት ፍራሽ እንተኛለን፤ ራዲዮኑ «ርቀትዎን ይጠብቁ» ይለናል። ከማን? እኔ የራቅኩት ከአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም ያለችው እንኳን በሽታ ነጋዴም ብዙ በማይደርስበት አምባ ላይ ነው። ንዴቴ የጀመረው ያኔ ነው።

እናቴ ስልክ የሚሠራላት ገደሉ ጫፍ ካለ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ነው። ልጄን አዝላ ትወጣና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፍላታለች። ልጄ አትናገርም፤ ትተነፍሳለች። «እናትሽ ነኝ» እላታለሁ፤ ትተነፍሳለች። ረመዷን እንዲሁ አለፈ፤ ዒዱም እንዲሁ። አንድ ቀን ግን ተናገረች። «ማናት?» አለች፣ እኔን ሳይሆን እናቴን። እናቴ ስልኩን ነጥቃ ስለ ዝናቡ ታወራኝ ጀመር። እኔ ግን ሰምቻለሁ። በማግስቱ የሰፋኋቸው ማስኮች ጠማማ ናቸው ተብለው ተመለሱብኝ።

መንገድ እንደተከፈተ ለምኜ ለምኜ የአንድ ሳምንት ፈቃድ አገኘሁ። እናቴ ስትሰማ ደነገጠች። «ኧረ በአላህ አትምጪ! ቅሬው ተማምሏል። ከከተማ የመጣ በሩን አያልፍም፤ ያሳለፈም የተቀበለም ከቅሬ ይወጣል» አለች። ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው እኛ ቅሬ የምንለው። ከቅሬ የወጣ ሲሞት ቀባሪ የለውም፤ በሕይወቱም እሳት የሚያበድረው የለም። እናቴ አሮጊት ናት፤ ይህ ለሷ ቀልድ አይደለም። ይገባኛል። ግን ልጄ «ማናት?» ብላለች። በሩ ላይ ደርሼ እጨቃጨቃለሁ ብዬ ተነሳሁ።

የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ እስክንገባ፣ ሹፌሩ ትራፊክ ባየ ቁጥር «ማስክ! ማስክ!» ይላል። ሁላችንም ከአገጫችን ወደ አፍንጫችን እንስባለን፤ ስናልፍ መልሰን እናወርዳለን። ትርፍ የጫናቸው ሰዎች እንዳይታዩ እንዲያጎነብሱ ያደርጋል፤ የሚያጎነብሱት እኛው ጭን ላይ ነው። ደሴ መናኸሪያ በር ላይ የተሰቀለው የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ባዶ ነበር። አስተናባሪው ግን «ሳትታጠቡ አትገቡም» ብሎ ቆሟል።

«ውሃው የታለ?» አልኩት።

«አሻሺ በቃ» አለኝ።

ደረቅ እጄን አሻሸሁ። አሳለፈኝ።

ከኩታበር ወዲያ በአይሱዙ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲያ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፦ የቅሬው ዳኛ፣ የቤታችን አጥር ተጎራባች የሆኑ አንድ አባት፣ ጆሯቸው የደከመ የመስጊዱ ሙአዚን። ከሩቅ «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። ዳኛው ተነሱ፤ በገመዱ ስር ጎንበስ ብለው ወደኔ ወጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ፋብሪካው ያስለመደኝን አደረግኩ። እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ።

«ምነው ልጄ?» አሉ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «እጅሽን የምትነፍጊኝ ምን አጥፍቼ ነው?»

በኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። እጅ ለእጅ ተይዞ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እየሳመ፣ ሰውም ከብትም ዝናብም ይጠየቃል። እጁን የሚነፍግ ቂም ያለበት ነው። ምን ላድርግ? ሰጠኋቸው። ሳሙኝ፤ ሳምኳቸው። «አፊያ ነሽ?» «አልሐምዱሊላህ።» «ሥራው ኸይር ነው?» «አልሐምዱሊላህ።» ጎረቤታችን ተከተሉ። ሙአዚኑ መልሴ ስላልተሰማቸው ከመጀመሪያው ጀምረው ደግመው ሳሙኝ።

ሰላምታው ሲያልቅ ዳኛው ገመዱን ተሻግረው ተመለሱና ድምፃቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ አውፍ በይን፣ ይቅር በይን፤ ማለፍ የለም። ከከተማ የመጣ ሁሉ እዚያች ጎጆ አሥራ አራት ቀን ይቆያል፤ ያልፈለገ ይመለሳል» አሉ።

ደሜ ፈላ። እንዲያ ጮኼ ሽማግሌ ተናግሬ አላውቅም። «አባባ፣ በሽታው እኔ ላይ ካለ አሁን እርስዎም ላይ አለ እኮ! በአፍዎ አይደል እጄን የሳሙት? እሳቸውማ ሁለቴ ነው የሳሙኝ!»

ሦስቱም እጃቸውን አዩ። ከቦርሳዬ ሳኒታይዘር አወጣሁና ለጎረቤታችን ጠብ አደረግኩላቸው። አሸተቱት። «ወላሂ ይሄ ካቲካላ ነው!» ብለው መዳፋቸውን በአፈር ፈተጉት። ዳኛው ጺማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። ከዚያ «እውነቷን ነው» አሉ። ቦርሳዬን አነሳሁ፤ አንድ እግሬን ወደ ገመዱ አስቀደምኩ።

«እውነቷን ነው፤ እንግዲያው እኛም መግባት የለብንም» አሉና ገመዱን ተሻግረው እኔ ወዳለሁበት መጥተው ተቀመጡ። ሁለቱም እያጉረመረሙ ተከተሏቸው።

ክርክሩን አሸንፌ ሦስት ሽማግሌ አሳሰርኩ። ወሬው አምባውን ሲያዳርስ ሚስቶቻቸው ገመዱ ድረስ መጥተው ያወረዱብኝን እርግማን አልናገረውም። ሽማግሌዎቹ ጎጆዋን ለኔ ለቀው ዛፍ ስር ሸራ ወጠሩ። የጎረቤታችን ላም ልትወልድ ደርሳ ነበር፤ ሰውየው አንገታቸውን አስግገው ወደ አምባው ሽቅብ ያያሉ፤ በጮኸች ቁጥር ይነሳሉ፤ ገመዱ ጋ ደርሰው ይመለሳሉ። አንድ ቀን እንኳ በኔ አልፈረዱም። «አብሽሪ፣ ያልፋል» ይሉኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እጄን ይስማሉ፤ አሁንማ ሁላችንም አንድ ወገን ነን፤ ማን ይከለክላቸዋል?

እናቴ በየቀኑ ከሰዓት ልጄን ይዛ ከገመዱ በላይ ካለ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። የመጀመሪያ ቀን ሳያት ራሴን መቆጣጠር አቅቶኝ ሁለት እጄን ዘርግቼ ሮጥኩ። እናቴ «ተይ!» ብላ ጮኸች፤ ሚስቶቹም አብረው ጮኹ። ልጄ በጩኸቱ ደንግጣ አለቀሰች፤ ይዘዋት ተመለሱ። በማግስቱ እጄ እንዳያታልለኝ ወደ ኋላዬ አጣምሬ ቆምኩ። ልጄ ብዙ አየችኝ። ከዚያ እሷም እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች።

«እጅ ወደ ኋላ!» አልኳት።

ሳቀች። ስልክ ውስጥ «ማናት?» ካለች ወዲህ፣ ከልቅሶዋ ሌላ የሰማሁት የመጀመሪያ ድምጿ ነው። ከዚያ ወዲያ ጨዋታችን ይኸው ሆነ። እጄን አወጣና ቶሎ እደብቃለሁ፤ ታወጣና ትደብቃለች። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ታች ወረደች። ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል ገመዱ ጋ ደረሰች፤ እጇን ወደ ኋላ፣ ሆዷን ወደ ፊት አድርጋ ቆመች። ፀጉሯ ላይ የተቀባችው ቅቤ ይሸተኛል። እጄን ብዘረጋ እደርስባታለሁ። እናቴ ከላይ ሆና እኔን ሳይሆን እጄን ታያለች። ከቅሬው የሚያስወጧት እሷን ነው፤ ቀባሪ የምታጣው እናቴ ናት። አልነካኋትም። ጣቶቼን እስኪያመኝ ድረስ እርስ በርስ ጨመቅኳቸው እንጂ አልነካኋትም።

«ጨርሺው እንጂ፤ ግማሹ እኮ አለቀ» አሉኝ ዳኛው። «ሥራ አላህ ይሰጣል።» አላህ ይሰጣል፤ አለቃዬ ግን አይጠብቅም፤ አንድ ቀን ያረፈደች ሴት ማሽኗ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ እንደሚጠብቃት አይቻለሁ። ልጄ የምትለብሰውም እናቴ የምትሸምተውም ከዚያ ማሽን ስር ነው የሚወጣው። ስለዚህ የሦስቱን ሽማግሌዎች እጅ ስሜ፣ የልጄን እጅ ሳልነካ ወረድኩ። ኩታበር እስክደርስ ብቻዬን እየተሳደብኩ ሄድኩ። ማንን እንደምሳደብ አላውቅም፤ ሽማግሌዎቹን እንዳልል ሕጉን ራሳቸው ላይ ነው ያጸኑት።

ማንም አልታመመም። ሽማግሌዎቹ ቀናቸውን ጨርሰው ወጡ፤ ላሚቱም ጌታዋ በሌለበት በሰላም ወለደች። መንገዱ ደግሞ በሌላ በሌላ ምክንያት ሲዘጋና ሲከፈት፣ ፋብሪካውም ፈቃድ ሲከለክል ቆየ። እንደገና አምባውን ስወጣ በሩ ላይ ገመድ የለም፤ የጎረቤታችን ጥጃ ታስሮበት አየሁት። ስለ በሽታው የሚያወራ አልነበረም።

ግቢያችን ውስጥ እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ልጄ አድጋለች። እናቴ «ሂጂ፣ ሰላም በይ» ስትላት ከዳኛው ጀምራ የሁሉንም እጅ እየሳመች ዞረች፤ ሙአዚኑን ስላልሰሟት ሁለቴ ሳመቻቸው። ከዚያ እኔ ጋ ደረሰች። በርከክ ብዬ ጠበቅኳት። ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። አወቀችኝ፤ ፊቷ ሁሉ በራ። እጇን ወደ ኋላ፣ ሆዷን ወደ ፊት አደረገችና እየሳቀች ጠበቀችኝ።

«እናትሽ ናት እኮ! እጅ ስጫት እንጂ!» አለች እናቴ።

ልጄ ምን እንዳጠፋች አልገባትም። እጄን ዘረጋሁላት። ሳቋ ቆመ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች፤ እንደዚያ ቀን ገመዱ ጋ ሰው እስኪጮህ የምትጠብቅ ይመስላል። ሰው ሁሉ ያያል። ማልቀስ አማረኝ።

እጄን መልሼ ወደ ኋላዬ አደረግኩ። ያኔ እንደገና ሳቀች።