የአባቴ ቀኝ እግር

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። እዚህ በስደት አገር፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ አንድ ላውንደሪ ውስጥ፣ መስኮቱ ጥግ የስፌት መኪናቸውን አስቀምጠው የሰው ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። ፔዳሉን የሚረግጡት በቀኝ እግራቸው ነበር። ያ ቀኝ ጉልበታቸው ደግሞ ወደ ውስጥ ተጣሞ ደረጃ በወጡ ቁጥር ላብ በላብ ያደርጋቸዋል። «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ ግን መልሳቸው አንድ ነው፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ቢያማቸውም፣ ቢከፋቸውም ያው ነው።

የባቡር መሥመር ሊዘረጋበት ኤግሊንተን ጎዳና መቆፈር በጀመረበት ሰሞን ጉልበታቸው በብረት ይቀየር ተባለ። ቀጠሮው ላይ ሐኪሙ አስተርጓሚ እንጥራ ወይ ብሎ ጠየቀን። እኔ እያለሁ? እዚሁ አገር ነው የተማርኩት፣ እንግሊዝኛው ምን ጠፍቶኝ! አያስፈልግም አልኩት።

ሐኪሙ አባቴ ፊት በርከክ ብሎ ከጉልበታቸው በስተውጭ፣ ከአጥንቱ ጉብታ ሥር ጣቱን አሳረፈ። «እዚህ ጋ ነርቭ ያልፋል» አለ። «የተጣመመውን ሳቃና ሊሳብ ይችላል። የት እንዳለ ለይቼ፣ መጋዙ እንዳይነካው ከልዬ ነው የምሠራው። ተጠንቅቀንም ግን አንዳንዴ ይጎዳል። ያኔ እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በታች ወደ ላይ አልነሳ ይላል።» ይህን ሲል ጣቱን በቅልጥማቸው እስከ ታች አወረደና እጁን ከአንጓው ላይ ዝልፍልፍ አድርጎ ጣለው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ?»

እኛ ቤት ክፉ ወሬ ለባለቤቱ ፊት ለፊት አይነገርም። መርዶ እንኳ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ተዘጋጅቶ ነው። እንጀራቸውም ያው እግር ነው፤ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «ምንም አይደለም አባባ፣ ተጠንቅቄ እሠራለሁ ነው የሚለው» አልኩ። ሐኪሙን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የፈቃድ ወረቀቱን ፈረሙ።

ኦፕሬሽኑ ረፋድ ላይ አለቀ። ከሰዓት በኋላ፣ ከወገብ በታች ያደነዘዛቸው መድኃኒት መልቀቅ ሲገባው፣ ነርሷ መጣች። «አባባ፣ እግርዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው።» «ፋይን ነው» አልኳት። የእግር ጣታቸውን ያንቀሳቅሱ ብትለኝ ደግሞ ደክሟቸዋል፣ ይረፉ ብዬ መለስኳት። ወይ እኔ! ማን ሐኪም አደረገኝ?

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ብርድ ልብሱን ገለጠና እግርዎን ያንሱ አላቸው። ግራው ተነሳ። ቀኙ ከነጣቶቹ ፀጥ አለ። ወዲያው ፋሻውን አላላው፣ ነርቩ እንዳይወጠር ጉልበታቸውን አጠፍ አድርጎ ከሥሩ ትራስ ከተተ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እግራቸው በወራት ውስጥ ትንሽ ትንሽ ተመለሰ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ጫማቸው ውስጥ የፕላስቲክ ድጋፍ ገባ። ፔዳሉን ገፋ አድርገው በግራ እግራቸው መስፋት ጀመሩ። መጀመሪያ ሰሞን ስፌታቸው ሲጣመም እያየሁ፣ ውጪ ወጥቼ አለቅስ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የግራው ጉልበት ተራ ደረሰ። ኤግሊንተን አሁንም እየተቆፈረ ነው። ያው ሐኪም ያንኑ ተናገረ። በዚህኛው አንዲት ቃል አላስቀረሁም። ነርቩን፣ መሳቡን፣ እግር አልነሳ ማለቱን እንባዬ እየወረደ ነገርኳቸው።

«ይኼንንማ ያኔም ነግሮኛል» አሉ አባቴ።

«ማን?»

«ራሱ ነዋ! በጣቱ መሥመር አውርዶ እጁን ጥሎ አሳየኝ። ዕድሜ ልኬን ሰው ሱሪ ላይ መሥመር ሳወርድ ኖሬ ይሄ ይጠፋኛል? ስትደብቂኝ፣ ልጄ ፈርታለች ብዬ ዝም አልኩ።»

«እና ያን ዕለት፣ ነርሷ መጥታ ስጠይቅዎት?»

«እግሬ እንዳልነቃ አውቄ ነበር። ስሞክረው ስሞክረው እምቢ አለኝ። አንቺ ፊትሽ በርቶ ነበር፤ ለምን ላስደንግጣት ብዬ ነው።»

እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ብዕሩን በሌላኛው እጃቸው አንስተው ፈረሙ።

ከሁለተኛው ኦፕሬሽን በኋላ እንዴት ነዎት ብዬ አልጠየቅኳቸውም። የማደንዘዣው ሰዓት እንዳለፈ ነርሷን ጎኔ አቁሜ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። «አባባ፣ ያንሱት።» ዐይናቸውን ጨፈኑ። እግሩ ቆየብኝ። ከዚያ አውራ ጣታቸው ነቅነቅ አለ፣ ቀጥሎ እግራቸው በሙሉ ወደ ላይ ቀና አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩ እኔ።

«ኧረ በጣም ያመኛል፣ ልጄ» አሉ አባቴ።

ዞር ብዬ ለነርሷ ቃል በቃል ነገርኳት።